የእናቴ ጉልበት

«ጉልበቴ ከዳኝ በይው» አለችኝ እናቴ።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠግቶ ይጠብቃል። እኔ በሁለቱ መሐል ነኝ፤ በግራዬ እናቴ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀኝ እግሯን ሳታጥፍ ወደ ፊት ዘርግታ፤ በቀኜ እሱ፣ ጣቶቹን የኮምፒውተሩ ፊደላት ላይ አሳርፎ። ክሊኒኩ በስክሪን የሚመጣ አስተርጓሚ አቅርቦልን ነበር። እናቴ ግን «የማላውቀው ሰው በመስኮት እያየኝ ስለ ገላዬ አላወራም፤ ልጄ አለች» ብላ መለሰችው። ልጇ እኔ ነኝ። ዌስትውድ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ ስለ ትርጉም ሁለት መቶ ገጽ ጽፌ ገና ያልጨረስኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አንዲት ባለ አራት ፊደል ቃል አቆመችኝ።

የከዳት የቱ ጉልበት ነው? በአማርኛ ጉልበት ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መታጠፊያ ነው። ጉልበት ኃይልም ነው። «የጉልበት ሠራተኛ» ስንል ደግሞ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት ድካም ነው። የመጀመሪያውን ብዬ ብተረጉም ሐኪሙ ራጅ ያዝዛል፤ ሁለተኛውን ብል የደም ምርመራ፤ ሦስተኛውን ብል ምናልባት «ሥራ ትቀንስ» ይላል። እናቴ ሦስቱንም በአንድ ቃል ነበር የተናገረችው። እኔ አንዱን መረጥኩ፤ የጉልበቷ መገጣጠሚያ ያማታል አልኩት።

«ሕመሟን ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ትለዋለች?» አለኝ።

ጠየቅኋት።

«ተመስገን በይው» አለች። «ቆሜ እሄዳለሁ አይደል?»

እኔ የማውቀው ሌላ ነው። አፓርታማችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናቴ ደረጃውን የምትወርደው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎን ለጎን እየረገጠች ነው። ሌሊት ጉልበቷን በሻሽ አሥራ ትተኛለች። ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ የምታወጣው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል፤ ወዲያው አስከትላ «ተመስገን» ትላለች፤ ያ ድምፅ እንዳይቆጠርባት ይመስል። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ዞር ብዬ በእንግሊዝኛ «ስምንት» አልኩት። 8 ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቁጥር ተነሣ። ይህን የምጽፈውም እሷን ስላልረሳኋት ነው።

*

ራጁ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ከላይ የእናቴ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥሟ አጥንት፣ ከፊት ደግሞ ክቧ የጉልበት ሎሚ ደብዘዝ ብላ ታየች። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ጫፍ ያሳየን ግን አጥንቶቹን አልነበረም፤ በመሐላቸው ያለውን ጥቁር መስመር ነበር። በግራ ጉልበቷ መስመሩ ቢቀጥንም አለ። በቀኙ፣ በውስጥ በኩል፣ የለም። አጥንት አጥንትን ነክቷል።

«በመሐል ያለው ክፍተት አልቋል ይላል» አልኳት።

እናቴ ሣቀች። «ክፍተት ደግሞ ያልቃል?»

ያ ጥቁር መስመር ባዶ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ማንበብ በነበረብኝ ሳምንት ዌስትውድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ የሰውነት አካላት መጽሐፍ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቶች አይነካኩም። የእያንዳንዳቸው ጫፍ ልም አጥንት በሚሉት ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሚወፍር ነገር ተለብጧል። ራጅ ይህን አያሳየውም፤ ለዚህ ነው ክፍተት የሚመስለን። ዙሪያውን ጠንካራ ከረጢት ያቅፈዋል፤ ጅማቶች ያጠብቁታል። የከረጢቱን ውስጥ የሚሸፍነው ስስ ገበር ደግሞ ፈሳሽ ያመነጫል። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው የዚህ ፈሳሽ መጠን አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዚያች ጠብታ ምክንያት ግን ልም አጥንት በልም አጥንት ላይ የሚንሸራተተው በረዶ በበረዶ ላይ ከሚንሸራተተው በቀለለ ሁኔታ ነው።

ፈሳሹን «ሲኖቪያ» ብሎ የሰየመው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ፓራሴልሰስ ነው። ቃሉን ብዙዎች የሚፈቱት ግማሹን ከግሪክኛ፣ ግማሹን ከላቲን ወስደው ነው፤ «አብሮ» እና «እንቁላል»። የእንቁላል ነጩን ስለሚመስል ነው ይላሉ። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ወዝ በይዋ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጉልበቴ ወዙ አልቋል ማለት ነው።»

በዚያ ሳምንት ካነበብኩት ሁሉ የተሻለው ትርጉም ይህ ነበር። ወዝ ፊት ላይ የሚያበራ ቅባት ነው፤ ላብም ነው፤ በደርግ ዘመን ሠራተኛውን ወዛደር ያሉት በወዙ የሚያድር ለማለት ነው። እናቴ ሳታስበው መገጣጠሚያውን ከነድካሙ ጠራችው።

ከዚያ ንባብ ሁለት ነገሮች አልለቅ አሉኝ። አንደኛው፣ ልም አጥንት ውስጥ የደም ሥር የለም። ምግቡን የሚያገኘው ከዚያው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ ይጨመቃል፤ እግራችንን ስናነሣ ይለቀቅና ይመጥጣል፤ ልክ እንደ ስፖንጅ። ፈሳሹም ራሱ ስንቆም ይወፍራል፣ ስንንቀሳቀስ ይቀጥናል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይራባል። ሁለተኛው፣ ልም አጥንት ነርቭም የለውም። ሲሳሳ አያምም። ሰው የሚያመው ጉዳቱ ገበሩንና አጥንቱን ሲነካ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙው ሄዷል።

እናቴ በ2003 በዲቪ ሎስ አንጀለስ ስትገባ እኔ 14 ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ 6 ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ሠራች። ከዚያ እስካሁን የሰው አረጋውያን ታነሣለች፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ አልጋ። ብዙዎቹ ጉልበታቸው የከዳቸው ናቸው፤ እሷ ጉልበት ሆነቻቸው። የመገጣጠሚያ ማለቅ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፣ የቆየ ጉዳት አለ፣ ክብደት አለ። ነገር ግን ሲያነሡና ሲንበረከኩ መዋል ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ሐኪሞች ያውቁታል። ሐኪሙም ሥራዋን ጠይቆኝ ነበር። በአንድ ቃል መለስኩለት፤ እሱም ጻፈው።

*

ግእዝ ጉልበትን ብርክ ይለዋል። አማርኛ ቃሉን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም። ሰው ሲፈራ «ብርክ ያዘው» እንላለን፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ ማለት ነው። ተንበረከከም ከዚያው ነው። በዕብራይስጥ ጉልበት ቤሬኽ ነው፣ በጥንቱ አካድኛ ቢርኩ፤ በዐረብኛ ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው ሩክባ ሆኗል። ባረከ፣ ቡራኬ፣ በረከት የሚሉትም በእነዚያው በሦስቱ ፊደላት የቆሙ ናቸው። የመባረክ ቃልና የጉልበት ቃል ከአንድ ሥር ይምጡ ወይም መልካቸው ብቻ ይመሳሰል ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ክርክሩን መጻሕፍት ውስጥ ሳነብ ግን ልጅነቴ ትዝ ይለኛል፤ ደሴ፣ አያቴ ቤት። በበዓል ቀን ስንገባ እጅ አልነበረም የምንስመው። ጎንበስ ብለን ጉልበቷን እንስማለን፤ እሷ እጇን ጭንቅላታችን ላይ አሳርፋ ትመርቀናለች። ጉልበትና ምርቃት በዚያ ቤት ተለያይተው አያውቁም ነበር።

«ጉልበት» የሚለውን ቃል ደግሞ እስከዚያ ሳምንት ድረስ አስቤበት አላውቅም። ሌላ ቋንቋ ኃይልን ክንድ ላይ፣ ጡንቻ ላይ፣ አከርካሪ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። እኛም ክንድን እናውቃለን። ለዕለት ተዕለቱ፣ ለአራሹም ለተሸካሚውም የምንጠቀምበትን ስም ግን የሰጠነው ለመታጠፊያው ነው። የዳገት አገር ሰው ይህን ቢያስብ አይገርምም። ጦሳ ተራራ ሥር ላደገች ሴት ኃይል ማለት ውኃ ተሸክሞ መውረድ፣ መውጣት፣ ተንበርክኮ እሳት ማንደድ፣ ደግሞ መነሣት ነው። ያልታጠፈ ጉልበት ምኑም ኃይል አይደለም።

*

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ያነሣው በሁለተኛው ቀጠሮ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ወዳጆች ጋር ፌርፋክስ ሄድን። በኦሎምፒክና በፒኮ መሐል ያለችው ያች አጭር መንገድ ናት፤ ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሟታል። እኔ ከዌስትውድ በዊልሻየር አውቶቡስ መጥቼ ፌርፋክስ ላይ እወርድና በእግሬ ወደ ደቡብ እሄዳለሁ፤ ዕጣኑና የቡናው ሽታ ኦሎምፒክን ስሻገር ይቀበለኛል።

ማዕዱ ቀርቦ ሁሉም እጁን ሲዘረጋ እኔ እንጀራውን ትቼ መገጣጠሚያ ማየት ጀመርኩ። የአውራ ጣታችን ሥር ሁለት ኮርቻ አንዱ በሌላው ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ የተገጠመ ነው። አውራ ጣት ዞሮ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚያ ነው፤ ያለዚያ ጉርሻ የለም። አንገታችን ላይ ሁለቱ የላይኛዎቹ አጥንቶች ሥራ ተከፋፍለዋል። ጭንቅላት ከመጀመሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ «እሺ» ብለን እንነቀንቃለን፤ የመጀመሪያው በሁለተኛው ዙሪያ ሲሽከረከር «አይ፣ በቃኝ» እንላለን፤ አጉራሹ ባይሰማም። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ነው። ትከሻ ደግሞ ኳስ ጎድጓዳነቱ ጥቂት በሆነ ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የሚይዘው አጥንቱ ሳይሆን ጡንቻና ጅማት ነው። ለዚህ ነው በሰውነታችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚዞረው፤ ለዚህም ነው ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚወልቀው። እስክስታ የተሠራው ከዚህ ነጻነት ነው።

ጉልበት ከማጠፊያነት አልፎ አንድ ተንኮል ያውቃል። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ መጨረሻ ላይ ጥቂት ዞር ብሎ ይቆለፋል። ቅዳሴ ላይ ሰዓታት በትንሽ ድካም የምንቆመው በዚህ ነው። ሲደክመን አንዱን እግር ለቀቅ፣ ሌላውን ቆለፍ እያደረግን፣ መቋሚያውን ተደግፈን እንቆያለን።

ከእናቴ ወዳጆች አንዷ ነገሩን ሰምታ «ወሎ ብትሆኚ ወጌሻ ነበር በሁለት ቀን የሚያስነሣሽ» አለቻት።

«ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል» አለች እናቴ። «ያለቀ አይመልስም።»

ጠረጴዛው ሁሉ ሣቀ። እሷም ሣቀች። ወደ መኪናው ስንሄድ ግን ክንዴን ይዛ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሁለቱንም ጊዜ የሱቅ መስኮት የምታይ መስላ።

*

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ጉልበት ልናገር።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ በፈረንጆቹ 1973 ማብቂያ ላይ፣ በዚያን ጊዜው የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ አፋር ምድር፣ ሐዳር በሚባል ቦታ አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰን ሁለት የአጥንት ስባሪዎችን አነሣ። አንዱ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ነበር፣ ሌላው የቅልጥም የላይኛው ጫፍ። ሲያገጣጥማቸው ገጠሙ፤ ጉልበት ነበሩ። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ጉልበት። ድንቅነሽ የተገኘችው በሚቀጥለው ዓመት፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው። ከእሷ በፊት ግን ሐዳር የሰጠው ዋና ምስክር ይህ መታጠፊያ ነበር።

ምስክርነቱም በማዕዘኑ ነው። የሰው የጭን አጥንት ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ውስጥ አዘንብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጉልበታችን ከሰውነታችን ሥር ይገባል፣ አንዱን እግር ስናነሣ በሌላው ላይ መቆም እንችላለን። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ በሁለት እግር ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የሐዳሩ ጉልበት ያዘነበለ ነበር። የዚያ ጉልበት ባለቤት ቆሞ ይሄድ ነበር ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የድንጋይ መሣሪያ ከመሠራቱ በፊት፣ አንጎልም ከመተለቁ በፊት።

ጆሃንሰን እርግጠኛ ለመሆን ማነጻጸሪያ አስፈለገው። በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ እንደተረከው፣ በአካባቢው ከነበረ የአፋሮች የድንጋይ መቃብር የአንድ ሰው የጭን አጥንት አወጣ። ከመጠኑ በቀር ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። የኔም ትምህርት ንጽጽር ነው። ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ንጹሕ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ላይ ግን አንዱ አጥንት የመጣው ማንም ሳይጠየቅ ነው። እውነቱ እውነት ነው፤ ሰው ያን ጊዜም ቆሞ ይሄድ ነበር። ያ አጥንትም የአንድ ሰው ነበር።

እናቴ በዚያ ዓመት ደሴ ተማሪ ነበረች። የወሎ ረኀብ የነበረበት ዓመት ነው፤ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት ወር እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየበት። ከቆላው የመጡ ሰዎች ከተማው ዳር ሲደርሱ ታስታውሳለች። «መራመድ የቻለ ነው የደረሰው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትልም። ሐዳር ላይ ስለ መጀመሪያዎቹ ተራማጆች ሲጠና፣ በዚያው ጠቅላይ ግዛት ሰው መራመድ እያቃተው መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። ሁለቱን ማነጻጸር አልፈልግም። አንድ ዘመንና አንድ ምድር መሆናቸውን ግን መርሳት አልችልም።

በ2013 ድንቅነሽ በአሜሪካ ዙረቷ መጨረሻ ከእኛ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ሳንታ አና በሚገኘው ባወርስ ሙዚየም ቀርባ ነበር። እናቴን ይዣት ሄድኩ። አጥንቶቹ በመስታወት ሥር ተጋድመዋል፤ ግራ ጭኗ አለ፣ የቀኝ ቅልጥሟ ቁርጥራጭ አለ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ አየች።

«ጉልበቷስ?» አለችኝ።

አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ በመሆኑ አንድ ሙሉ ጉልበት እንደማይወጣው አስረዳኋት። ልም አጥንቱና ወዙማ ገና ድሮ ጠፍቷል፤ እሱ ድንጋይ አይሆንም። ከሰው ሁሉ የሚቀረው የማይታጠፈው ክፍል ነው።

*

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው መጨረሻ ቀጠሮ እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«እሰግድበታለሁ ወይ በይው።»

ጠየቅሁት። መንበርከክ ማለት እንደሆነ፣ ግንባር መሬት እስኪነካ መውረድ እንደሆነ፣ በስቅለት ቀን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ እንደሆነ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ አለኝ፤ መንበርከክ አይከለከልም፣ የሚገባውን ብረት አይጎዳውም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሕመምተኞች አይመቻቸውም፣ ብዙዎቹ ጨርሰው ይተዉታል።

ወደ እናቴ ዞርኩ። «አይከለከልም ብሏል» አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም። ዐረፍተ ነገሩን ግን መሐሉ ላይ ቆረጥኩት። ሁለተኛውን ግማሽ ብትሰማ ቀዶ ሕክምናውን እንደምትተወው አውቄ ነበር፤ ቀሪ ዘመኗን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ደረጃ ስትወርድ ማየት ደግሞ አልቻልኩም።

ቀዶ ሕክምናው በደኅና አለቀ። የሁለቱን አጥንቶች ጫፍ ቆርጠው በኮባልትና በክሮም ቅይጥ፣ በቲታኒየም ሰሌዳ ለበጡት፤ በመሐላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ አስገቡ። በዚያው ቀን ማታ አቆሟት። ከዚያ የማጠፍ ልምምድ መጣ፤ መጀመሪያ 90 ዲግሪ፣ ቀጥሎ 100፣ 110። በአማርኛ እየቆጠረች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በየቀኑ ታጥፈዋለች። በሦስተኛው ወር ደረጃውን ፊት ለፊት ወረደች። ታች ደርሳ ወደ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኩም።

ስቅለት መጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨርቋን አንጥፋ፣ ሁለት እጇን ወለሉ ላይ አሳርፋ፣ ቀኝ ጉልበቷን ዝቅ ስታደርግ ከኋላዋ ነበርኩ። ጉልበቷ መሬት ሲነካ ሰውነቷ በሙሉ ደነገጠ። እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሧትና ወንበር ሰጧት። እስከ ማታ ተቀምጣ አንገቷን ዝቅ ቀና እያደረገች ሰገደች። ቄሱም «ይበቃሻል» ብለዋታል። ፊቷ ግን በቃኝ አይልም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ፍሪዌይ ላይ ነበር የተናገረችው።

«አመመኝ እንኳ አይባልም። በሌላ ሰው ጉልበት የተንበረከክሁ መሰለኝ። … አይከለከልም ነበር ያለው አይደል?»

«እማዬ» አልኳት፣ «ሌላም ነገር ብሎ ነበር።» ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

ዝም አለች። ሁለት መውጫ አለፍን።

«ስምንት ማለትሽንም ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «እንግሊዝኛ ባይሆንልኝ ቁጥር አይጠፋኝም፤ 6 ዓመት ፓርኪንግ ላይ ብር ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ ብለው ማማረር ይሆንብኛል። አንቺ ስትዪው እውነት ነበር።» ትንሽ ቆየችና ቀጠለች። «ስግደቱን ግን መወሰን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ስምንቱን ተናገርሽልኝ፤ ስግደቱን ወሰድሽብኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ታማኝ ትርጉምና ስለ ነጻ ትርጉም የሚያወራ ረጅም ምዕራፍ አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ምዕራፍ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። በስምንቱ ጊዜ እናቴ ያላለችውን ተናገርኩ፤ ሐሳቧን ግን አደረስኩ። በስግደቱ ጊዜ የተባለውን ቃል በቃል ተናገርኩ፤ እሷን ግን አታለልኩ። ቃሉን ሳይነካ የሚጎዳ ትርጉም እንዳለ ፕሮፌሰሮቼ አልነገሩኝም ማለት አልችልም፤ ነግረውኛል። የገባኝ ግን በፍሪዌይ ላይ ነው።

በሁለት ሰዎች መሐል የምትቆም አስተርጓሚ መሐሉን የራሷ አድርጋ ማየት ይቀናታል። ያ ቦታ የእኔ አልነበረም። እናቴና ሐኪሙ የሚገናኙበት ነበር፤ እኔ ወዝ እንድሆን ነበር የተጠራሁት። አጥንት ሆኜ ገባሁበት።

*

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ አገባ። ድግሱ ላይ ሙሽሮቹ የወላጆችንና የታላላቅ ዘመዶችን ጉልበት ሊስሙ ዞሩ። እናቴ ከፊተኛው ረድፍ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁለቱን እግሮቿን እኩል አጥፋ ተቀምጣለች። ሙሽራዋ ግራውን ሳመች፣ ከዚያ ቀኙን። በቀሚሱ በኩል ከሥሩ ብረት መሆኑን አላወቀችም። እናቴ ሁለት እጇን በሁለቱ ራስ ላይ አሳርፋ መረቀች፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ጉልበታችሁ ይጽና አለች። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ሰልፉም ከኋላ ይጠብቅ ነበር። እሷ አልቸኮለችም። ብርክና ቡራኬ ከአንድ ሥር ይሁኑ አይሁኑ በዚያ ሰዓት የጠየቀ አልነበረም።

ሰልፉ ሲያልቅ ወደ እሷ ሄድኩ። ሙሽራ አይደለሁም፤ ወግ ነው ብሎ የጠራኝም የለም። ተንበርክኬ ቀኝ ጉልበቷን ሳምኩ። እጇ ራሴ ላይ አረፈ፤ የምትለውን ጠበቅኩ።

«ተነሺ» አለችኝ። «ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ።»